ወንድሜ ራግቢ ይዞታል፤ ከደሴ ትምህርት ቤት ተነስቶ ብሔራዊ ቡድን የሚደረሰው በየት በኩል ነው?

የጦሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። ክረምት ላይ ናይሮቢ የምትኖረው አክስታችን ስትመጣ የራግቢ ኳስ አመጣችለት፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት፣ በእጅ ተይዛ ነው የሚሮጥባት። ከዚያች ቀን ወዲህ እግር ኳስ የሚባል ነገር ረስቷል። ስልኩን ስከፍት ራግቢ፣ ሌሊት ሲያወራ ራግቢ።

መጀመሪያ ቀን ግቢ ውስጥ ሲያነጥራት ጎረቤታችን እማማ አይተው «ምነው ልጄ፣ ኳስህ ላይ ሰው ተቀመጠባት?» አሉት። ደሴን ደግሞ ታውቋታላችሁ። ሜዳ ጥቂት፣ ቁልቁለት ብዙ ነው። ክቧ ኳስ እንኳ ካመለጠች እስከ አስፋልቱ ነው የምትወርደው። ይቺኛዋማ ወዴት እንደምትነጥር ራሷም አታውቅም። አንድ ቀን ባጃጅ ስር ገባች። ሹፌሩ ወረደ፣ በእግሩ ጫፍ ነካ አደረጋትና ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ «ይሄ ነገር ይፈነዳል እንዴ?» አለን። አልሳቅንበትም፣ ያየነውን አይተናል። ከዚያ ግን እሱ ራሱ ሳቀና አብረን ሳቅን።

ልጁ ሰውነት አለው። ይሮጣል፣ ትግል ላይ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ይጥላል። ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ሌላው አገር ልጆች ከትምህርት ቤት ተነስተው ብሔራዊ ቡድን የሚደርሱት እንዴት ነው? እኛ ጋስ ከየት ይጀመራል? ወይስ ኳሷን ደብቄ ትምህርትህን ተማር ልበለው?

---

መምህር ዘኮምቦልቻ

ያገሬ ልጅ፣ ኳሷን አትደብቅበት።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። የኛን መሰላል ልንገርህ። መጀመሪያ ክፍል ለክፍል ነው። ቀጥሎ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወረዳ ወይም ከተማ፣ ከዚያ ዞን፣ ከዚያ ክልል፣ በመጨረሻ አገር አቀፍ። እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ አትሌቲክስ ሁሉም በዚሁ ነው የሚወጡት። እኔ ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ራግቢ እዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ወንድምህ መሰላሉ ላይ ልውጣ ቢል የመጀመሪያው እርከን ራሱ አልተመታም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። መሰላሉ ባለበት ስፖርትም ቢሆን ልጆቻችን የሚወድቁት ከላይ አይደለም። መሃል ላይ ነው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ዲስከስ ወርዋሪ። ክንዱ እንደ ወይራ ግንድ ነው። ዞን ድረስ ሄዶ ሜዳሊያ አመጣ። 12ኛ ክፍልን ጨረሰ፣ ውጤት አልመጣለትም። በዓመቱ በባቲ አድርጎ በጅቡቲ ባሕር ተሻገረ። አሁን ጅዳ መኪና ያጥባል። ለዒድ ይደውልልኛል። «ቲቸር፣ ዲስከሷ አለች?» ይለኛል። አለች፣ መጋዘን ውስጥ።

ችግሩ ትምህርት ቤቱ ሲያልቅ ልጁን ማን ይረከበዋል የሚለው ነው። ራግቢም ላይ መጠየቅ ያለብህ ይሄንኑ ነው።

---

ወረባቦ በኢስሊ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የወረባቦ ልጅ ነኝ፣ ናይሮቢ ኢስሊ ሱቅ አለኝ። ልጄ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ራግቢ ይጫወታል። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ እናቱም በየጨዋታው ዱዓ ላይ ናት።

መምህር ያሉት ትክክል ነው። ኬንያ ላይ ነገሩ የሚሠራው ተረካቢ ስላለ ነው። ልጁ ለትምህርት ቤቱ ይጫወታል። ትምህርት ቤቱ በንዑስ ካውንቲ ይወዳደራል፣ ካሸነፈ ካውንቲ፣ ከዚያ ክልል፣ ከዚያ አገር አቀፍ። ከዛም የምሥራቅ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፣ ዩጋንዳዎቹ የሚመጡበት። እዚያ ሜዳ ዳር ቆመው የሚያዩ ሰዎች አሉ። የክለብ ሰዎች ናቸው። ኬንያ ካፕ የሚባል ከፍተኛ ሊግ አላቸው። ከክለቦቹ ውስጥ የዩኒቨርሲቲና የባንክ ቡድኖች አሉበት። ልጁ ትምህርት ቤት በጨረሰ በወሩ ክለብ ሊኖረው ይችላል። ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ከ20 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ይሞከራል። ቡድኑ «ቺፑ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 እዚሁ ናይሮቢ ናሚቢያን አሸንፈው ብራዚል ለዓለም ውድድር ሄደዋል።

ዋናው የሰቨንስ፣ ማለት ሰባት ለሰባት የሚጫወቱት ራግቢ፣ ቡድናቸው ስሙ «ሹጃ» ነው። ሹጃዕ፣ ጀግና ማለት። ለወሎዬ አስተርጓሚ አያሻውም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 ሲንጋፖር ላይ በፍጻሜው ፊጂን 30 ለ 7 የቀጡት እነሱ ናቸው። በዚያው ዓመት ፊጂ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። ታዲያ ፊጂን ማሸነፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

በዚያ ቡድን ውስጥ ማን ነበር መሰላችሁ? ኮሊንስ ኢንጄራ! ወላሂ ስሙ ነው። በ2016 በዓለም ሰቨንስ ተከታታይ ውድድር ታሪክ ብዙ ትራይ (ኳሷን ከጎል መስመሩ ባሻገር መሬት ማስነካት) በማግባት አንደኛ ሆኖ ነበር። እኔ መጀመሪያ ሬዲዮ ላይ «ኢንጄራ፣ ኢንጄራ» ሲሉ ሰምቼ ያገራችን ሰው የከፈተው ምግብ ቤት ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር።

---

አዘዋ ገደል

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላበላሽ ነው። ጤፍ ስንት ገባ? ሜዳ የለን፣ ኳስ የለን፣ ልጁ ደግሞ ቁርስ በልቶ ይሁን ሳይበላ አናውቅም። ራግቢ የጠገበ አገር ጨዋታ ነው። አጓጉታችሁ ልጁን አታስቀሩት።

---

የሰኞ ገበያ ልጅ፣ ደቡብ አፍሪካ

አዘዋ ገደል፣ አንተም እውነት አለህ፣ ግን ስማኝ።

እኔ ምሥራቃዊ ኬፕ ነው ያለሁት። ድሮ ፖርት ኤልሳቤጥ የሚሏት፣ አሁን ገቤርሃ የምትባለው ከተማ። እዚህ ዝዊዴ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር አለ። የራግቢ ተጫዋቹ ሲያ ኮሊሲ የተወለደው እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1991። አያቱ ናቸው ያሳደጉት። ቁርስ ሳይበላ ትምህርት ቤት የሄደበት ቀን ብዙ ነው። አንዴ ለምርጫ ሲሞከር ቁምጣ ስላልነበረው በውስጥ ሱሪ ነው የተጫወተው። ይህን ራሱ ነው የሚያወራው። 12 ዓመት ሲሞላው አንድ ውድድር ላይ አዩትና ጥሩ ትምህርት ቤት ሙሉ ወጪውን ችሎ ወሰደው። በ2018 የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር የቴስት (የአገር ለአገር ጨዋታ) አምበል ሆነ። በ2019 እና በ2023 የዓለም ዋንጫ አነሳ።

ታዲያ ይሄ ተረት እንዳይመስልህ፣ ተረካቢው ነው ቁም ነገሩ። ኮሊሲ እግሩ ፈጣን ስለነበር ብቻ አይደለም። ያየው ሰው የሚያደርስበት ቦታ ነበረው። እዚህ ክሬቨን ዊክ የሚባል ሳምንት አለ። ከ1964 ጀምሮ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ የየክፍለ ሀገሩ ምርጥ ተማሪዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው ይጫወታሉ። ድሮ ለነጭ ልጆች ብቻ ነበር። አሁን ሁሉም ነው። ለ16 ዓመቶቹም የራሳቸው ሳምንት አላቸው። እዚያ ሜዳ ዳር የሚቆሙት መልማዮች ከወላጅ ይበዛሉ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹ አሉ፤ በየሰኞው ማታ ጨዋታቸው በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ክለብ ያልያዘው እዚያ ይታያል።

ግን ጉዱንም ልንገርህ። ሱቄ ውስጥ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ክሬቨን ዊክ ተጫውቷል። ሸሚዙን አሳይቶኛል፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ነው ያስቀመጣት። ጉልበቱ ተጎዳ፣ ማንም ደግሞ አልጠራውም። አሁን ዘይት ይሸከምልኛል። እዚህም መሃል ላይ የሚወድቅ አለ።

---

ባቲ ሰኞ

ስለ ተረካቢ ካነሳችሁ የኔን ስሙ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካ።

ወንድሜ ኳስ ተጫዋች ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው መጣ። ጥሩ ለብሷል፣ ታብሌት ይዟል። «ውጭ አገር ሙከራ አለ፣ ቪዛው በኛ ነው» አለ። አባቴ በሬ ሸጠ፣ እኔ ከዕቁብ አወጣሁ። ሰማንያ ሺህ ብር። ሰውዬው አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ሦስት ቀን አሳደረውና ስልኩን ዘጋ። ወንድሜ አሁን ኳስ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ራግቢም ቢሆን ደላላ አያጣም። ቅድሚያ ገንዘብ የጠየቀ ሰው መልማይ አይደለም። መልማይ ልጁን ሲጫወት ያየዋል፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ወላጅ ያናግራል። ብር አይጠይቅም።

---

ሲስተር ከደሴ

ባቲ ሰኞ፣ አይዞህ። አባትህንም አላህ ያጽናልን።

እኔ ነርስ ነኝ። ስለ ራስ ጉዳት ማንም አላነሳም፣ ስለዚህ ላንሳ። ድንገተኛ ክፍል ከኳስ ሜዳ የሚመጡ ልጆች አያለሁ። «ትንሽ ዞረብኝ፣ ከዚያ ተጫወትኩ» ይላሉ። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። የጦሳ ልጅ፣ ወንድምህ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከተደናገረ፣ ካስመለሰው ወይም ዓይኑ ከፈዘዘ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። አለቀ። «ደህና ነኝ» ቢልም አይመለስም። የራግቢ የበላይ አካልም ሕጉ ይኸው ነው፤ ከጠረጠርክ አስወጣ። ፈረንሳዮች ወጣት ተጫዋቾች ከሞቱባቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 አማተሮቻቸው ከወገብ በላይ ይዘው እንዳይጣጣሉ ከልክለዋል። እንደዚያ ያስደነግጣል።

ሌላው፣ የደሴ ሜዳ ጠጠር ነው። ጠጠር ላይ ሰው መጣል ስፖርት አይደለም፣ ወደኔ መምጫ መንገድ ነው።

---

የጦሳ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ባቲ ሰኞ፣ ያንተን ለእናቴ አነበብኩላት፣ አለቀሰች።

ሲስተር ያሉት አስፈርቶኛል። መምህር፣ ታዲያ እንዴት ይጀምር? እሱ የሚፈልገው ሰው ማንከባለል ነው።

---

መምህር ዘኮምቦልቻ

አብሽር። ማንከባለሉ ይቆየው።

እኔ ራሴ ይህን ክር ካየሁ ወዲህ ሳነብ ሰንብቻለሁ። ራግቢ ያደገባቸው አገሮች ሕፃን ልጅ ገና ሰው ይዞ መጣል አያስተምሩም። በመንካት ይጀምራሉ። ኳስ የያዘውን ልጅ በእጅህ ከነካኸው ቆመ ማለት ነው። ስድስት ጊዜ ከተነካችሁ ኳሱ ለሌላው ቡድን ያልፋል። ስድስት ለስድስት ነው የሚጫወቱት። ለጠጠር ሜዳ የተሠራ ይመስላል።

ከባዱ ነገር ወደ ፊት ማቀበል አለመቻሉ ነው። በእጅ ስትሰጥ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ባለፈው ሐሙስ ስምንተኛ ክፍሎችን አሞከርኳቸው። ኳስ ስላልነበረን ጆንያ ጠቅልለን በገመድ አሰርን። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሁሉም ወደ ፊት ይወረውራል፣ እኔም ፊሽካ እነፋለሁ። ፊሽካዬ ደከመች። ከዚያ አንዲት ቀጭን ልጅ ገባት። ዞር ብላ ሳታይ ከኋላዋ ለሚመጣው ሰጠችው፤ እሱም ባዶ ሜዳ አገኘ። እንዴት አወቅሽ ብላት «ከኋላዬ ሲሮጥ ኮቴውን ሰማሁት» አለችኝ። እኔ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ምን ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ሲይዙ ደግሞ እጃቸውን እንደ በር ይዘጋሉ፣ ኳሷ ደረት መትታ ትወድቃለች። «ጎረቤት ሕፃን ሲያቀብላችሁ እንዴት ነው የምትቀበሉት?» አልኳቸው። ጣቶች ተከፈቱ፣ ክርን ላላ። ከዚያ አልወደቀችም።

መጣል የሚማረው ከ16 በኋላ ይሁን፣ ያውም አሸዋ ላይ። በበጋ ቦርከና ዳር አሸዋ ሞልቷል። መጀመሪያ ተንበርክኮ፣ ቀጥሎ በእርምጃ፣ ሩጫው መጨረሻ። ጭንቅላት ሁልጊዜ ከሚወድቀው ሰው ኋላ፣ ጉንጭ ከዳሌ ጋር። ፊት ለፊት የገባ ጭንቅላት ጉልበት ያገኘዋል። ስክረም የሚሉትን መገፋፋት እርሱት። ሌላው አገር እንኳ ከ19 ዓመት በታች ላሉት መገፋቱ ከ1.5 ሜትር እንዳያልፍ ገድበውታል። አንገት ነዋ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይሄኛው ከልቤ ነው። በ15 ዓመቱ ትልቅ የሆነ ልጅ አያታልልህ። ቀድሞ ያደገ ልጅ በጉልበት ብቻ ያሸንፋልና ጥበቡን ሳይማር ይቀራል። በ18 ዓመቱ ጓደኞቹ ሲደርሱበት ባዶ እጁን ነው። ኒውዚላንድ ኦክላንድ ላይ ትንንሾቹን በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በኪሎም የሚመድቡት ለዚህ ነው። እኛ ጋማ ከ17 ዓመት በታች ተብሎ የልጅ አባት የሚመስል ይመጣል። አንዱን «የልደት ቀንህ መቼ ነው?» ብዬው ወደ አሰልጣኙ ዞሮ አየ።

---

ሶፊያ ከሐይቅ

ቲቸር፣ ያቺ ቀጭን ልጅ ደስ አለችኝ። 11ኛ ክፍል ነኝ፣ እጅ ኳስ እጫወታለሁ። ሴቶችም ይጫወታሉ አይደል? ወይስ ቲክቶክ ላይ ያየሁት ውሸት ነው?

---

ወረባቦ በኢስሊ

እህቴ፣ እውነት ነው እንጂ! ሰቨንስ በ2016 ሪዮ ላይ ኦሎምፒክ ሲገባ የወንዱም የሴቱም አብሮ ነው የገባው። የኬንያ ሴቶች ሪዮም ቶኪዮም ሄደዋል። እጅ ኳስ መጫወትሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። መያዝና ማቀበል ለምደሻል፣ ማሳሳት ታውቂያለሽ። ግማሹን ሠርተሻል።

ለናንተ የሚመቸውም ሰቨንስ ይመስለኛል። ሰባት ሰው ብቻ ነው። ሜዳው ግን አሥራ አምስት ሰው የሚጫወትበት የዋናው ራግቢ ሜዳ ነው፣ አይቀንስም። ሰባት ደቂቃ፣ እረፍት፣ ሰባት ደቂቃ። አጭር ይመስላል። ልጄ ሲወጣ ግን ሳንባው በአፉ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ላይ ያደገ የደሴ ልጅ እዚህ ይጠቀማል።

በነገራችን ላይ ልጄ እዚህ ተወለደ፣ እኛ ወላጆቹ ኢትዮጵያ ተወለድን። በራግቢ ሕግ አንድ ተጫዋች የተወለደበትን፣ ወይም ወላጁ ወይም አያቱ የተወለዱበትን አገር ወክሎ መጫወት ይችላል። ስለዚህ ኬንያም ኢትዮጵያም ይቻለዋል። እናቱ ከወዲሁ መርጣለች። እሱን ማንም አልጠየቀውም።

---

አዘዋ ገደል

እሺ። አፌን ይዣለሁ። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። እነዚህ ልጆች 12ኛን ሲጨርሱ ማን ይረከባቸዋል? ኬንያ ክለብ አለ፣ ደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አለ። ደሴስ?

---

መምህር ዘኮምቦልቻ

ጥሩ አልክ። ዛሬ ደሴ የሚረከባቸው የለም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ልጅ ሳይሆን የመጀመሪያው ቡድን የሚያስፈልገን። የጦሳ ልጅ ወንድም ብቻውን ቢጎብዝ የሚያየው የለም። ሰባት ለሰባት የሚጋጠሙ ሁለት ትምህርት ቤቶች ካሉ ግን ውድድር አለ። ውድድር ካለ ውጤት ይመዘገባል። የተመዘገበ ውጤት ይዤ ወደ ከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት መሄድ እችላለሁ። ባዶ እጄን ከሄድኩ ግን ሻይ ጋብዘው ይሸኙኛል።

12ኛን ለጨረሱት ደግሞ አንድ ሥራ አለኝ። ዳኛ ይሁኑ፣ ትንንሾቹን ያሠልጥኑ። ስፖርት ሳይንስ ቢማሩ ደግሞ ተመልሰው እኔን ይተኩ። ተጫዋች ሆኖ ያላለፈ ሁሉ ከስፖርቱ ይውጣ ያለው ማን ነው? ያንን የዲስከስ ልጅ አጠገቤ አቆይቼው ቢሆን ዛሬ ረዳቴ ነበር። አልጠየቅኩትም። አልመጣልኝም።

---

የሰኞ ገበያ ልጅ፣ ደቡብ አፍሪካ

መምህር፣ ሱቄ ውስጥ ላለው ልጅ ይህን ጽሑፍ ተረጎምኩለት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔንም ማንም አልጠየቀኝም» አለኝ። በጥር ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አለ። አራት ኳስ እልካለሁ። ፊሽካም ጨምሬበታለሁ፣ ያንቱ ደክማለች ብለዋላ።

---

የጦሳ ልጅ

ቅዳሜ ጠዋት ሞከርነው። አሥራ አንድ ልጅ መጣ፣ ሦስቱ ሴቶች። ሁለቱ እግር ኳስ ነው ብለው የመጡ ናቸው፣ ግን አልሄዱም። ወንድሜ ሰው መጣል አይቻልም ሲባል ፊቱን አኮሳተረ። ከዚያ አንዲት ሚጢጢ ልጅ ሦስቴ አሳስታ አለፈችው። ማታ እራት ላይ «ነገ ማቀበል አስተምረኝ» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?

ኳሷ አንዴ አምልጣ ቁልቁል ወረደች። ያው ባጃጅ ነጂ አስቁሞ አነሳትና በመስኮት ወረወረልን። ወደ ፊት ነው የወረወረው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ፊሽካ!» አሉት።

መምህር፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። የኮምቦልቻዎቹን ይዘዋቸው ይምጡ፣ ሚኒባሱን እኛ እናዋጣለን። ሶፊያ፣ ከሐይቅ ከመጣሽ መናኸሪያ እንቀበልሻለን። ውሃ ያዙ።